የከተማና የዙሪያዋን ፕላን ስንሠራ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ልደታ ሕንጻ ኮሌጅ ስማር አንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ትልቅ የአዲስ አበባ ካርታ ተሰቅሎ ነበር። መኖሪያው ቢጫ፣ ንግዱ ቀይ፣ ፋብሪካው ሐምራዊ፣ ደኑ አረንጓዴ። ቀለሙ ወሰኑ ጋ ሲደርስ በቢላ እንደተቆረጠ ድፎ ዳቦ ቀጥ ብሎ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ነጭ ወረቀት ነው። ቡራዩ የለም፣ ሰበታ የለም፣ ለገጣፎ የለም፣ ሱሉልታም የለም። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ግን በየቀኑ ከቡራዩ እየተመላለሰ ነበር የሚማረው። በካርታው ከሄድን ጓደኛዬ በየማታው ነጭ ወረቀት ውስጥ ገብቶ ይተኛል ማለት ነው።

ከተመረቅኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አሁን ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የሌሎችን ፕላን እገመግማለሁ፤ አልፎ አልፎም የራሴን እሠራለሁ። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሌላ ሰው ናቸው። ሁለቱ ግን የኔ ናቸው። አንዱን መጨረሻ ላይ እናዘዛለሁ፣ ሌላውን እናንተ ገምቱ።

ወሰኑ ጋ መቆም

የመጀመሪያው ያ ነጭ ወረቀት ነው። የአስተዳደር ወሰን ለግብርና ለምርጫ ይጠቅማል። ለትራንስፖርት ግን ምንም አያውቅም። ጠዋት «ቡራዩ! ቡራዩ!» እያለ የሚጣራ ረዳት ክልል መሻገሩ ትዝ አይለውም። የምንጠጣው ውሃ እንኳ ከፊሉ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ነው የሚመጣው። ሦስቱም ከከተማዋ ወሰን ውጭ ናቸው።

በዙሪያችን ያሉት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተብለው በአንድ አስተዳደር ሥር ገብተዋል። እናም አዲስ አበባ አሁን ዙሪያዋን ከአንድ ትልቅ ጎረቤት ጋር ትኖራለች። ሁለት ከንቲባ፣ ሁለት ፕላን፣ ግን አንድ የሥራ ገበያ። ሰበታ ያደረ ሠራተኛ ጠዋት መርካቶ ነው። ለገጣፎ ቤት የሠራ ሰው ቢሮው ካዛንቺስ ነው።

ስለዚህ ፕላን ሲጀመር ከካርታ በፊት የመነሻና የመድረሻ ጥናት ይቅደም። ሰው ከየት ተነስቶ የት ይሄዳል? ገንዘብ ከሌላችሁ ደብተር ይዛችሁ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቁሙ። ሰው አይሰለችም፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ወሬ ይፈልጋል። የሰበሰባችሁትን ካርታ ላይ ስታስቀምጡት ከተማዋ ከወሰኗ በብዙ ትሰፋለች።

ወሰን መሻገር፣ ባለቤቱን ሳይጠይቁ

ይኼኛው የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ በጣም የከፋ ነው።

በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ ላይ የያዘ ማስተር ፕላን መዘጋጀቱ ተሰማ። ወረቀት ላይ ከላይ ያልኩትን ነበር የሚያደርገው። መንገዱን፣ ውሃውን፣ ፋብሪካውን ከወሰን ባሻገር ያስባል። ግን በዚያ ቀለም ሥር የገበሬ ማሳ ነበር። ተቃውሞ ተነሳ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ እጅግ ሰፍቶ ተመለሰ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። በጥር 2008 ፕላኑ ቀረ ተባለ።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ፖለቲካ በላው» ይላሉ። አልስማማም። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1997 ዓ.ም. አዋጅ እርሻውን ለሚለቅ ገበሬ የሚያስበው ካሳ ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር እያባዛ ነበር። አሥር ዓመት ያልፋል። መሬቱ ግን ከአያቱ መጥቶ ለልጅ ልጁ የሚሄድ ነው። ይህ ሒሳብ በሌሎች ላይ ሲደርስ ያየ ገበሬ የናንተን አረንጓዴና ቢጫ ቀለም እንዴት እንዲያምን ነው? አለመተማመኑ ከፕላኑ ውጭ የመጣ ነገር አይደለም፣ ከፕላኑ ዋና ግብዓቶች አንዱ ነበር። ሳይቆጠር የቀረ ግብዓት።

የቆሻሻውን ነገር ልጨምር። የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ የሆነው ቆሼ ሞልቶ ስለነበር ከወሰኑ ውጭ ሰንዳፋ አካባቢ አዲስ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠራ። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፣ በ2008 ዓ.ም. ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። በመጋቢት 2009 ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። የናዳው ምክንያት ይህ ብቻ ነው አልልም። ግን ጎረቤት ያልተስማማበት ፕላን ተመልሶ የሚወድቀው በደካማው ላይ ነው። እዚያ ጥግ ላስቲክ ቤት የሠራው ሰው ስለ ሰንዳፋ ስምምነት ማን ጠይቆት ያውቃል?

ጎረቤትን ማማከር ማለት ያለቀ ሰነድ ይዞ ሄዶ ማስፈረም አይደለም። አማራጮቹ ገና እርሳስ ላይ እያሉ ነው መቀመጥ ያለብን። ጥቅሙም ይቆጠር። ውሃው ከነሱ ከመጣ ቧንቧው እነሱንም ያጠጣ፤ ቆሻሻው ወደነሱ ከሄደ ሥራውና ገቢውም አብሮ ይሂድ።

ቤቱ ይቅደም፣ አውቶቡሱ ይደርሳል

የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ሲጀመር ብዙ ሰው የቤት ባለቤት አድርጓል። ይህን መካድ ነውር ነው። ችግሩ ቦታው ላይ ነው። ዳር ላይ መሬት ርካሽ ነው። ስለዚህ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ። በሌላ በኩል ደግሞ ከመሀል ከተማ፣ ከልደታ፣ ከባሻ ወልዴ ችሎት፣ በቅርቡም ከፒያሳና ከካዛንቺስ ሰው ተነሳ። በእግሩ አራት ኪሎ ደርሶ የሚሠራ፣ በር ላይ እንጀራ የሚሸጥ፣ ጎረቤቱን አምኖ ልጁን ጥሎ የሚወጣ ሰው ነበር።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የካ አባዶ ዕጣ ሲወጣላት ቢሮ ውስጥ እልል ብለናል። ዓመት ሳይሞላት ፊቷ ተለወጠ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሳለች፣ ልጇን ተኝቶ ትታው ትወጣለች፣ ማታም ተኝቶ ታገኘዋለች። በመጨረሻ ቤቷን አከራይታ ቀበና አንዲት ክፍል ተከራየች። የራሷ ቤት ያላት ተከራይ! በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል። ከመሬቱ የተቆጠበው ገንዘብ አልጠፋም፣ ወደ ታክሲ ሒሳብና ወደ እንቅልፍ ማጣት ነው የተዛወረው። በጀት ላይ ስለማይታይ ግን እንደ ቁጠባ ይቆጠራል።

እኔ ብጠየቅ አንድ ደንብ አወጣ ነበር። ቁልፍ የሚሰጥበት ቀንና የመጀመሪያው አውቶቡስ ግቢው በር የሚደርስበት ቀን አንድ ይሁን። ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ጉሊቱም እንደዚያው። ጉሊት ስል አልቀለድኩም። ሽንኩርት ለመግዛት ታክሲ የሚያስይዝ ሰፈር ሰፈር አይደለም።

ዳር መውጣት ብቻም መፍትሔ አይደለም። መሀል ላይ፣ ባቡር ጣቢያዎች አጠገብ፣ ለመካከለኛና ለዝቅተኛ ገቢ ሰው የሚሆን ፎቅ ቢሠራ ግማሹ ጉዞ ራሱ አይፈጠርም።

መኪና መቁጠር

የትራፊክ ጥናት ሲባል ልጆች መስቀለኛ መንገድ ላይ ቁጭ ብለው መኪና ይቆጥራሉ። ሪፖርቱ «በሰዓት ይህን ያህል ተሽከርካሪ» ይላል። ከዚያ መንገዱ ይስፋ ይባላል። በአዲስ አበባ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር ነው። ያ ሰው የትኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ አልገባም።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 60 ሰው በአምስት ሚኒባስ ይሄዳል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ካለ ደግሞ በአራት። እነዚሁ 60 ሰዎች በቤት መኪና ሁለት ሁለት ሆነው ቢሄዱ 30 መኪና ነው፤ ለየብቻቸው ከሆነ 60። መኪና ቆጣሪው ግን 60ውን ሲያይ «ፍላጎት ከፍተኛ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ አምስቱን ሲያይ ዝም ይላል።

ቀለበት መንገዱን አስታውሱ። ለመኪና ታስቦ ተሠራ፣ ሰፈርን ከሰፈር ለየ፣ ከዚያ ሰው አጥር እየዘለለ መሻገር ጀመረ። «ሕዝቡ ሥርዓት የለውም» ተባለ። ማቋረጫው ሩቅ ሲሆን የሚዘልለው ሰው ሳይሆን መሐንዲሱ ነው የተሳሳተው።

በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለጊዜው ለመኪና ሲዘጉ ያየሁት ነገር ደስ ይለኛል፤ ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱ። በኮሪደር ልማት የሰፋው የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመርም ጥሩ ነው። ግን አንድ እጃችን ለእግረኛ ሲያሰፋ ሌላው መስቀል አደባባይ ሥር 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ሠርቷል። መሀል ከተማ ማቆሚያ እንደ ግብዣ ካርድ ነው። የተጋበዘ ይመጣል።

ባቡር ገዝቶ መለዋወጫ መርሳት

ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ሲጀምር እኔም ተሰልፌ ተሳፍሬያለሁ። ወደ 34 ኪሎ ሜትር፣ 41 ባቡር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ አብዛኛው የቻይና ብድር። ትኬቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ገቢው በብር ነው፣ መለዋወጫውና ብድሩ በዶላር። ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ግንባታው ፕሮጀክት ነበር፣ ጥገናው ግን የማንም ፕሮጀክት አልነበረም።

ሌላው መገናኛው ነው፤ ሰፈሩን ማለቴ ሳይሆን መገጣጠሙን። ከባቡር ወርዶ ሚኒባስ የሚይዝ ሰው ደረጃ ይወጣል፣ መንገድ ያቋርጣል፣ እንደገና ይሰለፋል፣ እንደገና ይከፍላል። ለፕላን ሠሪው ሁለት መስመር ነው፤ ለሰውየው አንድ ጉዞ ነው።

የሌላ አገር ሥዕል

እ.ኤ.አ. በ1936 ሌ ኮርቡዚዬ የተባለው ዝነኛ አርክቴክት ለጣሊያኖቹ የአዲስ አበባን ንድፍ ሣለላቸው። እግሩ አገሩን ረግጦ አያውቅም። ቀጥ ያለ ትልቅ ጎዳና አሠመረ፤ እንጦጦና ወንዞቹ ግን ምን እንደሚሉ አልጠየቀም። ንድፉ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ዛሬም ግን ሜዳ ላይ ከተቆረቆረ ከተማ የተቀዳ ስላይድ ይዞ የሚመጣ አማካሪ አይጠፋም። ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና እስከ ማዘጋጃ በብስክሌት ይውጣና እንነጋገር። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለነው፤ ሳንባውም ጉልበቱም ይመሰክራል።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተጠራ ስብሰባ

ይኼ የኔ ነው። የወንዝ ዳር አረንጓዴ ቦታን የያዘ የአካባቢ ፕላን ይዤ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ አወያይ ተባልኩ። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው፣ ባለሱቁ ሱቁ ላይ ነው፣ ተማሪው ትምህርት ቤት ነው። የመጡት ጡረተኞችና ውሎ አበል የሚጠብቁ ነበሩ። እኔ ካርታውን ግድግዳው ላይ አበራሁና የአረንጓዴውን ሽፋን በመቶኛ ማስረዳት ያዝኩ።

ኋላ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እኔ በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የምሻገርባት የእንጨት ድልድይ አለች። የት ነው ያለችው እዚህ ላይ?»

ፈለግኳት። የለችም። አረንጓዴ ቀለም ቀብቼባታለሁ። «እማማ፣ ዝርዝሩ በሚቀጥለው ደረጃ ይታያል» አልኩ። መድረኩን የሚመራው ሰው ፈጠን ብሎ «ጥያቄዎ ተይዟል፣ እናመሰግናለን» አለ። ሻይና ቦምቦሊኖ መጣ።

ቃለ ጉባኤውን ከሁለት ሳምንት በኋላ አነበብኩት። «ተሳታፊዎች ፕላኑን በሙሉ ድምፅ ተቀብለውታል» ይላል። ድልድይ የሚል ቃል የለበትም።