ከባድ ቤዝ ጊታር ትከሻ ሳይጎዳ እንዴት ይያዛል?

መጀመሪያ መዝኑት። የሰው ሚዛን ላይ ቤዙን ይዛችሁ ውጡ፣ ከዚያ ባዶ እጃችሁን፤ ልዩነቱ የቤዙ ክብደት ነው። የተለመደው ከ3.5 እስከ 4.5 ኪሎ ነው፣ 5 ኪሎ የሚጠጋም አለ። 4 ኪሎ እንኳ ሳይሞላ ትከሻችሁን ካሳመማችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማንገቻው ወይም ቤዙ ወደ አንድ ወገን የማጋደሉ ነው።

አብሮ የሚመጣውን ባለ 5 ሴንቲ ሜትር የናይለን ማንገቻ ተዉት። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቆዳ ያንኑ ክብደት በእጥፍ ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። ከሱቅ መግዛቱ ከተወደደ ቀበቶና ቦርሳ የሚሰራ ባለሙያ ይሰራዋል፤ የቆዳው ሻካራ ገጽ ወደ ትከሻ እንዲዞር፣ የጫፉ ቀዳዳም ከማንገቻ ቁልፉ (ማንገቻው የሚሰካበት፣ ቤዙ ላይ ያለው ጉጥ) ራስ እንዲጠብ ንገሩት። የሚለጠጠው የኒዮፕሪን (ጎማ መሰል ጨርቅ) ማንገቻ ሲያነግቱት ቀለል ያለ ይመስላል፤ ግን በተንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ቤዙ ይነጥራል። ቆዳ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ቤዙን አንግታችሁ ቁሙና ሁለቱንም እጆቻችሁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፣ ግን አትራቁ። አንገቱ ወደ መሬት ካዘቀዘቀ ግራ እጃችሁ ሁለት ሥራ ይዟል ማለት ነው፦ ክር መጫንና አንገት መሸከም። አውራ ጣት ከኋላ ጨምድዶ ይይዛል፣ አንጓ ይታጠፋል፣ ከአንድ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ወደ ሌላው ስትሄዱም አንገቱ አብሮ ይወርዳል። ብዙ ጀማሪ «ጣቴ ደካማ ነው» የሚለው እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አራት ትልልቅ መቃኛዎች በረጅም አንገት ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ማንገቻው የሚገባበት የላይኛው ቀንድ (ከአካሉ ወጣ ያለው ሹል ክፍል) እስከ 12ኛው ፍሬት ካልደረሰ ቤዙ ወደ አንገቱ ጫፍ ያጋድላል። ሻካራው ቆዳ ልብስ ስለሚይዝ መንሸራተቱን ይገታል፣ የቀኝ ክንድን የቤዙ አካል ላይ ማሳረፍም ያግዛል። ካልበቃ መቃኛዎቹን ቀለል ባሉ ለውጡ። ከመግዛታችሁ በፊት የነባሮቹን ቀዳዳ በካሊፐር (የቀዳዳ ስፋት በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ለኩ፤ ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ትንሽ መቃኛ ይወዛወዛል፣ ቤዙም ቅኝቱን አይይዝም። አንዳንዶች ከአካሉ ጀርባ ብረት ያስራሉ። ሚዛኑ ይስተካከላል፣ ግን ክብደት ሸሽቶ ክብደት መጨመር ነው።

አካሉን ለማቅለል እንጨቱን መቦርቦር ደግሞ አይሞከር።

የማንገቻውን ርዝመት ቁጭ ብላችሁ አስተካክሉ። ስትቆሙም ቤዙ እዚያው ከፍታ ላይ ይቅር፤ ጉልበት አካባቢ ማንጠልጠል ለዓይን እንጂ ለአንጓ አይበጅም። የማንገቻ ቁልፉ ብሎን ከላላ ነቅላችሁ ቀዳዳውን በስቲኪኒና በእንጨት ኮላ ሙሉ፣ ሲደርቅ በካቻቪቴ እሰሩት። ይህን የዘለለ ሰው ቤዙን ከወለል ላይ ያነሳዋል።

ቤት ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ተለማመዱ፣ ማንገቻውን ግን አታውልቁ። እንደ ቤተ ክርስቲያን አምልኮ ረጅም ሰዓት የሚያስቆም ቦታ ላይ በመዝሙሮች መሃል አውርዱት። ጣት ከደነዘዘ አቁሙ፤ ከተደጋገመ ሐኪም ይየው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከከበደ 76 ሴንቲ ሜትር የክር ርዝመት ያለውን አጭር ቤዝ ሞክሩ፤ የተለመደው 86 ነው። አጭር ሁሉ ቀላል ስላልሆነ ሱቁ ውስጥ አንግታችሁ፣ እጃችሁን ለቃችሁ እዩት።