በርካሽ ሌዘር እንጨት ላይ መቅረጽ

ለስምና ለጌጥ ቅርጽ ከ5 እስከ 10 ዋት የሆነ ዳዮድ ሌዘር (ጨረሩን ከትንሽ ኤሌክትሮኒክ ቺፕ የሚያወጣ ርካሽ ዓይነት) ይበቃል። ማሸጊያው ላይ «40 ዋት» ቢል ቶሎ አትመኑ፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ማሽኑ የሚስበው ኤሌክትሪክ እንጂ የሚያወጣው የጨረር ኃይል አይደለም።

እንጨቱን በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና ላዩን በማስኪንግ ቴፕ ሸፍኑ። ቴፕ ከሌለ ጭሱ በቅርጹ ዙሪያ ቡናማ እድፍ ይተዋል፤ ቫርኒሽ ሲቀባ ደግሞ ይብሳል። ፎከሱን፣ ማለትም ጨረሩ በጣም የሚጠብበትን ርቀት፣ ከማሽኑ ጋር በመጣው መለኪያ አስተካክሉ። ጣውላው ጠምሞ ጠርዙ ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ እዚያ ጋ መስመሩ ወፍሮ ይደበዝዛል።

ዋናው ሥራ ሙከራው ነው። በዚያው እንጨት ቁራጭ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ዘጠኝ ካሬዎች ቅረጹ፦ ፍጥነቱ በደቂቃ 1500፣ 3000 እና 4500 ሚሊ ሜትር፣ ኃይሉ 30፣ 50 እና 70 በመቶ። ጠርዙ ከከሰለ ፍጥነት ጨምሩ። ጥድ ላይ ለስላሳው መስመር ከጠንካራው ቀድሞ ስለሚቃጠል ቅርጹ ዥጉርጉር ይሆናል፤ ኃይል መጨመር አያስተካክለውም፣ ሌላ እንጨት ምረጡ።

የምታደርጉት መከላከያ መነጽር ለ450 ናኖ ሜትር ጨረር (ለዳዮድ ሌዘሩ ሰማያዊ ብርሃን) የተሠራ ይሁን፤ የፀሐይ መነጽር ዓይን አያድንም። መስኮት ክፈቱ፣ ማሽኑን እየሠራ ጥላችሁ አትውጡ። ፒቪሲ የተባለውን ፕላስቲክ ግን በፍጹም አትቅረጹ፦ ሲቃጠል የሚወጣው የክሎሪን ውህድ ሳንባ ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል።