የቤተሰባችንን ስደት እንዴት ሙዚቃዊ ቴአትር እናደርገዋለን?

እናቴ ከጎንደር በመተማ ወጥታ፣ ሱዳን ገዳሪፍ ሁለት ዓመት ከርማ ነው ዋሽንግተን የገባችው። ታሪኳን መድረክ ላይ ላወጣው ስነሳ ሁሉንም ልናገር አልኩ። ደርጉ፣ በረሃው፣ ካምፑ፣ ቪዛው። ረቂቁ ሲነበብ አራት ሰዓት ፈጀ። ሰው ይተኛል!

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ዕቃ ፈልጉ። የእኔ ካሴት ነበር። ያኔ ስልክ ውድ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ ይከፈታል ተብሎ ይፈራል። ዘመድ ድምፁን ቀድቶ በሰው እጅ ይልካል። አያቴ በላኩት ካሴት ላይ ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ይሆናል። ከኋላ ዶሮ ይጮኻል። መጨረሻ ላይ "በሉ፣ ክሩ ሊያልቅ ነው" ይሉና ድምፃቸው ቁርጥ ይላል። ይኸው አንድ ትዕይንት ተገኘ።

ቀጥሎ ጠይቁ፤ ግን ማይክ ደቅናችሁ አይደለም። "ስለ ስደትሽ ንገሪኝ" ካላችኋት "ተመስገን፣ አለፈ" ብላ ትዘጋዋለች። ቡና ሲፈላ ትንንሹን አንሱ፦ ምን ጫማ አድርገሽ ነበር? ውሃውን ማን ተሸከመ? አስፈቅዳችሁ ቅዱ። "ይሄ ለሰው አይነገርም" ያለችው ግን ከመድረክ ይቅር። ዓመተ ምሕረቱንም አጣሩ። እናቴ "በ76 ገባሁ" ትላለች፤ ወረቀቷ 1984 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አቆጣጠሩ ነው የተለያየው።

ዘፈን የሚገባው ባለታሪኳ በንግግር መጨረስ ሲያቅታት ነው። ቀድመው ከሚመጡት ዘፈኖች አንዱ ምን እንደምትፈልግ ይንገረን። እናቴ አሜሪካን አልነበረም የምትመኘው፤ ያቋረጠችውን አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስ ነበር። ይህን ስሰማ የጻፍኩትን ግማሽ ጣልኩት።

ዜማው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ስደት ነው ተብሎ ሁሉም ዘፈን በትዝታ ቅኝት ይሆናል። ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም የሚባሉ ቅኝቶች አሉ እኮ! ትዝታን ቆጥቡት። እኛ አያቴ በማሲንቆ የሚሰሙትን አዝማች በትዝታ ሜጀር፣ በብሩሁ መልኩ፣ ጀመርን። ልጅቷ፣ ማለትም ወጣቷ እናቴ፣ ዋሽንግተን በአንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠፈች ያንኑ በማይነር፣ ሐዘን በሚያጠላበት መልኩ፣ ታንጎራጉረዋለች። ማንም ሳያስረዳው ተመልካቹ ይገባዋል። ካሴቱ ላይ የታወቀ ዘፈን ካለ ግን ባለመብቱን ሳታስፈቅዱ አትጠቀሙበት፤ የራሳችሁን ድረሱ።

ረቂቁ ሲያልቅ አዳራሽ ለመከራየት አትቸኩሉ። ሳሎን፣ ስምንት ወንበርና አንድ ኪቦርድ ይበቃል። ተዋንያኑ ያንብቡ፣ እናንተ ተመልካቹን እዩ። ሰው ስልኩን ያወጣበት ገጽ ይቆረጥ።

እናቴን ለመጀመሪያው ንባብ ጠርቻት ነበር። እስኪያልቅ ዝም አለች። ከዚያ "ዶሮውስ?" አለችኝ። ረስቼው ነበር። በማግስቱ አስገባነው።