የአንገት ሴንትራል ላይን በአልትራሳውንድ፦ የመርፌውን ጫፍ ከዓይን አለማጣት

ለሴንትራል ላይን፣ ማለትም በትልቅ ደም መልስ በኩል እስከ ልብ አቅራቢያ ለሚገባ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር)፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በብዛት የሚመረጠው የቀኙ ውስጣዊ ጀጉላር ደም መልስ ነው፤ ወደ ልብ የሚወርደው ቀጥ ብሎ ነውና።

ጓንት ከማጥለቅዎ በፊት አንገቱን በሊኒየር ፕሮብ (ጠፍጣፋ ጫፍ ባለው የአልትራሳውንድ መቃኛ) ይቃኙ። ቀለል አድርገው ሲጫኑት የሚጨፈለቀው ደም መልሱ ነው፤ ክብነቱን ይዞ የሚመታው ካሮቲድ የተባለው የአንገት ደም ቅዳ ነው። ደም መልሱ አልጨፈለቅ ካለ ውስጡ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ጭንቅላቱን ከ30 ዲግሪ በላይ አያዙሩ፤ በዞረ ቁጥር ጀጉላሩ ካሮቲዱ ላይ ይደረባል፣ አልፎ የሄደ መርፌም ደም ቅዳውን ይወጋል። ታካሚው ከቻለው አልጋውን በራስጌ በኩል ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ደም መልሱን ያሰፋል፣ አየር እንዳይገባም ይረዳል።

ቆዳውን በክሎርሄክሲዲን አልኮል ያጽዱ፣ እስኪደርቅም ይታገሱ። ጋውን፣ ማስክ፣ ኮፍያ፣ መላ ሰውነት የሚሸፍን ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ጨርቅ፣ የፕሮብ ሽፋን፤ አንዱም አይቀርም። ጄል ከሽፋኑ ውስጥም ከውጭም ይደረጋል፤ ውስጡ አየር ከቀረ ምስሉ ይጠቁራል። ንቁ ለሆነ ታካሚ ማደንዘዣው ሊዶካይን ይወጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መርፌው ላይ ነው። ደም መልሱ ክብ ሆኖ በሚታይበት ምስል ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ የመርፌው ጫፍም ወገቡም ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ነጥቧ እንደታየች መርፌውን ያቁሙ፤ ፕሮቡን ወደ ደረት አቅጣጫ ነጥቧ እስክትጠፋ ድረስ ያንሸራትቱ፤ ከዚያ ዳግም እስክትታይ መርፌውን በጥቂት ሚሊሜትር ይግፉ። እንዲህ እያፈራረቁ ሲወርዱ የደም መልሱ የላይ ግድግዳ መጀመሪያ ይጎደጉዳል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ነጥቧም መሃል ላይ ትቀመጣለች። ደም ሲመጣ ፕሮቡን ያስቀምጡ፤ መርፌውን የያዘው እጅ ግን ንቅንቅ አይበል።

በመርፌው ውስጥ የሚያልፈው መሪ ሽቦ ያለ ትግል ይግባ፣ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ላይም ይቁም። ሞኒተሩ ላይ የተዛባ ምት ከታየ ወደ ኋላ ይሳቡት። ዳይሌተር (ለካቴተሩ መግቢያውን የሚያሰፋውን ቱቦ) ከማንሳትዎ በፊት ፕሮቡን መልሰው ሽቦውን በአግድምም በቁመትም ደም መልሱ ውስጥ ይዩት። የደሙን ቀለም አይመኑ፤ ኦክስጅኑ በወረደና ግፊቱ በደከመ ታካሚ የደም ቅዳ ደምም ጠቁሮ ቀስ ብሎ ይንጠባጠባል። ካሮቲዱን የወጋው መርፌ ብቻ ከሆነ ነቅሎ 10 ደቂቃ ያህል መጫን ነው። ዳይሌተር ወይም ካቴተር ገብቶ ከሆነ ግን አይንቀሉት፤ ባለበት ትተው የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ያስጠሩ።

ዳይሌተሩ ደም መልሱ ጋ ሲደርስ ይበቃዋል፣ እስከ እጀታው አይገፋም። ካቴተሩ ሲገባ የሽቦው ጫፍ ከኋላ ወጥቶ በእጅ ሳይያዝ ወደ ውስጥ አይገፋ። በመጨረሻም በካቴተሩ እያንዳንዱ ቀዳዳ ደም መምጣቱን አይተው በሳላይን ያጥቡ፣ በዚያው ፕሮብ ሳንባው በትንፋሽ መንሸራተቱን (በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል አየር አለመግባቱን) ይመልከቱ፣ የጫፉን ቦታ በደረት ራጅ ያረጋግጡ።