በጀልባ ላይ የሁለት ባትሪ መምረጫ ስዊች፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ የተጻፈው ሁለት ባለ 12 ቮልት ሊድ አሲድ ባትሪ ላላቸውና ስዊቻቸው ላይ ኦፍ፣ 1፣ 1+2 እና 2 የሚሉ አራት ቦታዎች ላሉ ጀልባዎች ነው። 1 ሞተር የሚያስነሳው፣ 2 ደግሞ መብራት፣ ፍሪጅና ሬዲዮ የሚሸከመው ባትሪ ነው እንበል። ፊውዝ ማየትና ቴስተር መያዝ ስለምታውቁ እሱን ትቼዋለሁ። ቁጥሮቹን ግን ያዙ፦ ምንም ሳይሠራበት ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ 12.7 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ11.9 በታች አልቋል። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 መታየት አለበት።

ጠዋት ሁለቱም ባትሪዎች ሞተው ተገኙ

ተደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው። ሰው ወዲያው የሚጠረጥረው ባትሪውን ነው። አዲስ ይገዛል፣ በወሩ ይሞትበታል፣ ሌላ ይገዛል። ብዙውን ጊዜ ግን ባትሪው ምንም አልሆነም፤ ስዊቹ 1+2 ላይ አድሮ ነው።

1+2 ማለት ሁለቱ ባትሪዎች አንድ ሆኑ ማለት ነው። በአማካይ 4 አምፔር የሚወስድ ፍሪጅ በ12 ሰዓት 48 አምፔር-ሰዓት ይበላል፤ የሚበላውም ከሁለቱም ነው። ለሞተር ተብሎ የተቀመጠ መጠባበቂያ የለም። የማስነሻ ባትሪ ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ከፍተኛ ኃይል እንዲሰጥ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ እንዲንጠፈጠፍ አልተሠራም። ሁለት ሦስት ጊዜ እስከ ታች ከወረደ ቻርጅ ቢደረግም የቀድሞ አቅሙ አይመለስም።

ከዚህ የሚብሰው አንደኛው ባትሪ ከስድስቱ ሴሎቹ አንዱ ሲሞትበት ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ 10.5 ቮልት አካባቢ ላይ ይቆማል፤ 1+2 ላይ ከዋለ ጤነኛውን እየሳበ አብሮት ያወርደዋል። ፍሪጅም መብራትም ጠፍቶ ሁለቱም ከሞቱ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ፦ ስዊቹን ኦፍ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ለየብቻ ለኩ።

መፍትሄው ልማድ ነው። ሞተር ስታስነሱ 1 ላይ፤ ሞተሩ ተነስቶ ሲረጋጋ ሁለቱም እንዲሞሉ 1+2 ላይ፤ ሞተሩ እንደጠፋ፣ ገመድ ሳታስሩ፣ መልሕቅ ሳታስተካክሉ፣ 2 ላይ። ከጀልባው ስትወርዱ ኦፍ። ሁለቱን በራሱ የሚያገናኝ የቻርጅ ሪሌይ ካላችሁ 1+2ን ለቻርጅ አትንኩት፤ ሪሌዩ ዲናሞው ሲሞላ ያገናኛል፣ ቮልቱ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያል።

1 ሞቶ 2 ደህና ከሆነ ስዊቹን ወደ 1+2 አታዙሩ። ሙሉው ባትሪ ኃይሉን ሞተሩን በሚያስነሳው ሞተሪኖ ፈንታ ባዶው ውስጥ ያፈስሳል። 2 ላይ አድርጉ፣ በ2 ብቻ አስነሱ፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ወደ 1+2 እለፉ። ሁለቱም የደከሙ ከሆነ ብቻ ሁሉን ነገር አጥፍታችሁ 1+2 ላይ ሞክሩ፤ ከአምስት ሰከንድ በላይ አትያዙት፣ በመሃል ሞተሪኖው ይቀዝቅዝ።

«2 ላይ ነበር፣ እምላለሁ፣ 1ም ሞተ» የሚልም አለ፤ ልክ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ባትሪዎች ከስዊቹ ውጭ በሌላ መንገድ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ፈተናው ቀላል ነው። ሁለቱንም ሙሉ፣ አሳርፉ፣ ስዊቹ 2 ላይ ይሁን፣ መብራትና ፍሪጅ ክፈቱ። ቴስተሩን ባትሪ 1 ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን የነጥብ አኃዞች እያያችሁ አንድ ሰዓት ጠብቁ። 12.68 የነበረው 12.68 ላይ ከቆየ ንጹሕ ነው። ከባትሪ 2 ጋር እኩል እየወረደ 12.55፣ 12.48 ካለ ተገናኝተዋል። መብራትና ፍሪጅ ዘግታችሁ፣ ባትሪ 2 ባለበት ቆሞ 1 ብቻ መውረዱን ከቀጠለ ግን አንድ ዕቃ በቀጥታ ከ1 ላይ ይበላል፤ ኢንቨርተር ወይም ሬዲዮ የገጠመ ሰው ቀዩን ገመድ ቅርብ ወዳገኘው ባትሪ ወስዶታል። ተገናኝተው ከሆነ የቻርጅ ሪሌዩን ገመድ ፍቱና ፈተናውን ድገሙ፤ ካቆመ ሪሌዩ ተጣብቋል። ካላቆመ ስዊቹ ራሱ ነው። መያዣው ልል ብሎ በሁለት ቦታ መሃል የሚቆም ርካሽ ስዊች ውስጡ ያለው መዳብ አልቆ ሁለቱን ያገናኛል። አይጠገንም፤ ቀይሩት።

ሞተሩ ይሠራል፣ ባትሪ ግን አይሞላም

ሞተሩ እየሠራ ከ12.5 በላይ የማይወጣ ከሆነ፣ ዛሬ ወይም ትናንት ስዊቹ በኦፍ በኩል አልፏል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ዲዝል ሞተር ባትሪ ቢቋረጥበትም መሥራቱን ስለማያቆም ሰው ምንም የተፈጠረ አይመስለውም። ነገር ግን ዲናሞው የሚያመነጨው ድንገት መሄጃ ሲያጣ ቮልቱ ይተኮሳል፤ ውስጡ ያሉት፣ ኃይሉን ለባትሪ እንዲሆን የሚያስተካክሉት ዳዮዶች ይቃጠላሉ፣ አንዳንዴም ሬዲዮውና የጥልቀት መለኪያው አብረው ይሄዳሉ። ከጀልባው ኋላ የሚንጠለጠለው የአውትቦርድ ሞተር ሬክቲፋየርም፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራው፣ እንዲሁ።

ሞተር እየሠራ ኦፍን አትንኩ። ልጅ እንዳይነካው ስዊቹን ከፍ አድርጉት። ከ1 ወደ 2 ስትሄዱ በ1+2 በኩል ብቻ እለፉ። ስዊቹም ቦታ ሲቀይር አዲሱን ሳይዝ አሮጌውን የማይለቅ ዓይነት መሆኑን ሳታረጋግጡ ሞተር እየሠራ አታዙሩት። ጀርባው ላይ ሁለት ትንንሽ ተርሚናሎች ካሉ የዲናሞውን የፊልድ ገመድ፣ ማለትም እንዲያመነጭ የሚያደርገውን ቀጭን ገመድ፣ ለማቋረጥ የተሠሩ ናቸው፤ ገጣሚዎች ባዶ ይተዋቸዋል። የፊልድ ገመዱ ወደ ውጭ በወጣ ዲናሞ ላይ ይገጠሙ፤ ዲናሞውን ያድናሉ።

ጠቅ ይላል፣ አይዞርም፤ ወይም ስዊቹ ይግላል

ባትሪው 12.6 እያሳየ ሞተሪኖው ከደከመ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጉ፤ አንዱን ጫፍ ባትሪው በሚገባበት ብሎን፣ ሌላውን ከስዊቹ ወደ ሞተሪኖው የሚወጣው የጋራው ብሎን ላይ ይዛችሁ ሌላ ሰው ቁልፍ ያዙር። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበባችሁ ስዊቹ ውስጡ ታሟል። ከዚያ ከብሎኑ ወደ ገመዱ ራስ፣ ከገመዱ ራስ ወደ ገመዱ እያላችሁ ለኩ። ባትሪው ላይ ስትለኩ ጫፉን ማያያዣው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ላይ ግፉት፤ አለበለዚያ የተበላሸውን ቦታ ዘላችሁት ታልፋላችሁ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከገመዱ ራስ በታች የገባ የማይዝግ ብረት ሮንዴላ ነው። የማይዝግ ብረት ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፤ ሲጠብቅ ያማረ ይመስላል፣ በ200 አምፔር ግን እንደ ምድጃ ይግላል። የገመዱ ራስ መዳቡ ላይ በቀጥታ ይቀመጥ፤ ወፍራሙ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ፣ በአንድ ብሎን ከአራት አይብለጥ፤ ሮንዴላና ዳዶ ከሁሉም በላይ። ባትሪ ላይ ባለ ክንፍ ዳዶ ካለ አውጥታችሁ በባለ ስድስት ጎን ተኩት፤ በጣት የጠበቀ ነገር በሞገድ ይላላል። በቆርቆሮ የተለበጠ የመዳብ ገመድ ግዙ። ልባሱን ስትልጡ መዳቡ ጠቁሮ ካገኛችሁት ርጥበቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ እስኪያበራ ድረስ ቆርጣችሁ አሳጥሩት፣ ካልደረሰ ጣሉት።

ቤንዚን ባለበት ጀልባ ይህን ከመንካታችሁ በፊት የሞተሩን ክፍል ክፈቱ፣ አሽትቱ፣ አየር ማውጫውን አራት ደቂቃ አሠሩ። ገመድ የሚፈታው ከኔጌቲቩ ጀምሮ ነው። ስዊቹም ብልጭታው ጋዝ የማያቀጣጥል ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ የመኪና ስዊች እዚያ አይገባም። ቀለበት አውልቁ።

የቀሩት ባጭሩ

በ2 ምንም አይሠራም፣ በ1 ሁሉም ይሠራል፦ የሁለቱ ባትሪዎች ኔጌቲቭ አልተገናኙም።

2 ሁልጊዜ ባዶ ነው፦ ስትጓዙ ስዊቹ 1 ላይ ብቻ ይውላል፣ ዲናሞው 2ን አያገኘውም።

አንዱን ባትሪ ወደ ሊቲየም ቀይራችኋል፦ 1+2ን ተዉት፣ ከአንዱ ባትሪ ወደ ሌላው የሚሄደውን ኃይል በሚገድብ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር አገናኙ። ባዶ ሊቲየም ዲናሞውን እስኪቃጠል ይስበዋል።

ኦፍ ላይ ሆኖም ባትሪ ይወርዳል፦ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ በቀጥታ ከባትሪው ተገናኝቷል። ትክክል ነው፣ አትቁረጡት። የራሱ ፊውዝ ከባትሪው 18 ሴንቲሜትር ውስጥ መኖሩን እዩ፤ ከዚያ ፓምፑ ለምን እንደሚደጋግም፣ ማለትም ውሃው ከየት እንደሚገባ፣ ያንኑ ቀን ፈልጉ።