ፍንጭቱ መቼ መጣ?

አዳማ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። በፍንጭት ጉዳይ የሚመጡት በብዛት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዷ ልጇን እየጎተተች «ሲስተር፣ ይሄ ሳይሰፋ ይዘጋልኝ» ትላለች። ሌላው ጠና ያሉ ጋሼ ናቸው፤ «በስተርጅና ፍንጭት አወጣሁ፣ ልጄ» ብለው ይስቃሉ። እኔን የሚያሳስቡኝ የሚስቁት ናቸው። ሁለቱንም የምጠይቃቸው ግን አንድ ነገር ነው፦ መቼ መጣ?

ከልጆች እንጀምር። የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። በመካከላቸው ክፍተት ካለ ደስ ይበላችሁ። በቦታቸው የሚተኩት የፊት ጥርሶች ሰፋ ያሉ ስለሆኑ ቦታ ይፈልጋሉ። ግጥም ብለው የተደረደሩ የወተት ጥርሶች ለፎቶ ያምራሉ፤ ቋሚዎቹ ሲመጡ ግን መደራረብ ሊከተል ይችላል።

ግርግሩ የሚጀምረው ከ7 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ነው። የላይኞቹ ሁለት ትልልቅ ጥርሶች እንደተቀያየሙ ጎረቤታሞች ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዙረው ይወጣሉ። እናት ትደነግጣለች። ነገሩ ግን የክራንቻዎቹ ሥራ ነው፤ ገና አጥንት ውስጥ ሳሉ የጎረቤቶቻቸውን ሥር ይገፋሉ። በ11 ወይም በ12 ዓመት ገደማ ሲወርዱ ደግሞ ጥርሶቹን ወደ መሃል ይሰበስባሉ። እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ክፍተት ያኔ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይገጥማል። እስከዚያ ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

እስከዚያ ቤት ውስጥ ማየት የምትችሉት አለ። ልጁን መስኮት አጠገብ አስቀምጡና የስልክ መብራት አብሩ። የላይኛውን ከንፈር በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ከከንፈር ወደ ድድ የምትወርድ ቀጭን ሥጋ ታያላችሁ። ስትሳብ በሁለቱ ጥርሶች መሃል ያለው ድድ ነጣ ካለ፣ ሥጋዋ እዚያ ድረስ ገብታለች ማለት ነው። ለሐኪም ንገሩ፤ «አሁኑኑ ቁረጡልኝ» ግን አትበሉ። ብዙውን ጊዜ ክራንቻ እስኪወጣ ይጠበቃል፤ ቀድሞ ከተቆረጠ ጠባሳው ራሱ ክፍተቱን ሊይዘው ይችላል።

ከዚያ ቁጠሩ። ከሁለቱ ትልልቆች ግራና ቀኝ አንዳንድ ጥርስ መኖር አለበት። አንደኛው ወጥቶ ሌላው ከ6 ወር በላይ ከቀረ ራጅ ያስፈልጋል። ጥርሱ ከነአካቴው ላይኖር ይችላል፤ አንዳንዴም መሃል ላይ አንድ ትርፍ ጥርስ ተደብቆ መንገድ ይዘጋል። ጣት መጥባትንም አትናቁ፤ ከ4 ዓመት በኋላ ከቀጠለ የፊት ጥርሶችን ወደ ውጭ ይገፋል።

አዋቂዎች ደግሞ የድሮ ፎቶ አውጡ። የሠርግ ቢሆን ይመረጣል፣ ሰው የሚስቀው እዚያ ላይ ነው። ፍንጭቱ ያኔም ካለ የተፈጥሮ ነው። እኛ ጋ ውበት ነው፤ እኔም አለኝ፣ አላስነካውም። ፎቶው ላይ ከሌለ ግን ጥርሱ ከቦታው ተንቀሳቅሷል። በብዛት ተጠያቂው የድድ በሽታ ነው፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት ሲሸሽ ጥርሱ ወደ ፊት ይከፈታል። የተነቀለ መንጋጋ ሳይተካ ሲቀርም ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ ይጋደማሉ።

ጣታችሁን ታጥባችሁ የላይኛው ፊት ጥርስ ላይ አሳርፉና ጥርሳችሁን ግጠሙ። ሲገጥም ጥርሱ ከጣታችሁ ሥር ከተንቀሳቀሰ ቀጠሮ ያዙ። ስትቦርሹ የሚደማ ከሆነም እንዲሁ። ድዳቸው የተነቀሰ እናቶች ላይ መቅላቱ በደንብ አይታይም፤ መፋቂያቸው ላይ ደም መኖሩን ጠይቋቸው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱ ታሞም ብዙ ላይደማ ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ድዱ ቶሎ ይጎዳል፤ ስኳሩ ካልተስተካከለ ሕክምናውም ይለግማል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ድዱ ይታከማል፣ ጥርሱም ይታጠባል። ያንን ዘሎ ክፍተቱን መሙላት በሽታውን መሸፈን ነው።

በተፈጥሮ ያለውን ማዘጋት ከፈለጋችሁ፣ ብሬስ (ጥርስ ላይ የሚታሰረው ማስተካከያ ሽቦ) ጥርሱን ራሱን ያንቀሳቅሳል። ከመጀመራችሁ በፊት «ሲፈታ በምን ይያዛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከኋላ ሽቦ ካልታሰረ ወይም ማታ ማታ የሚደረግ መያዣ ካልተሰጠ ተመልሶ ይከፈታል። ኮምፖዚት (ጥርስ የሚመስል መሙያ) በአንድ ቀን ያልቃል፤ ግን ሊሸረፍ ይችላል፣ ቡናም ያጠቁረዋል። የወንጂና የስምጥ ሸለቆ ልጆች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለብን። የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ያበለዘው ጥርስ ላይ ኮምፖዚት እንደ ሌላው አጥብቆ አይዝም። ሐኪሙ አስቀድሞ ይህን አስቦ ይዘጋጅ። ጥርስ ተሞርዶ የሚለጠፍ ሽፋን ከሆነ የተሞረደው እንደማይመለስ እወቁ።

ቲክቶክ ላይ የሚታየውን ላስቲክ ግን በፍጹም እንዳትሞክሩ! ሁለት ጥርስ ላይ የታሰረ ላስቲክ እየተንሸራተተ ድድ ሥር ይገባል። ጥርስ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ስለሚሄድ ላስቲኩ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዓይን ይጠፋል፣ አጥንቱን ይበላል። በዚህ ምክንያት ጤነኛ የፊት ጥርስ ይወልቃል።

ለጽዳት ሰፊ ፍንጭት አያስቸግርም፤ ብሩሹ ይደርሰዋል። አስቸጋሪው ጠባቡ ነው፣ ጥብስ የሚሰነቀርበት። በስቲኪኒ ድዱን አትጎርጉሩ፤ የጥርስ ክር ወይም ትንሿን የመሃል ብሩሽ ተጠቀሙ። ድሮ ምንም በማይያዝበት ቦታ አሁን ሥጋ መሰንቀር ከጀመረ፣ ባይታያችሁም አዲስ ክፍተት ተፈጥሯልና አሳዩት።