የፈረንሳይ ወይን ስትገዙ ከጠርሙሱ አናት ጀምሩ

ከትንሽ ገበሬ እጅ የወጣ የፈረንሳይ ወይን ጠጅ ከፈለጋችሁ በሚያምረው የግንብ ሥዕል አትሸወዱ። መጀመሪያ የቡሹን ሽፋን አናት እዩት። ብዙዎቹ ላይ የፈረንሳይ ሪፐብሊክ ምልክት የሆነችው ሴት፣ የማሪያን ፊት ያለበት ክብ ማኅተም አለ። እዚያ ላይ «አር» የምትባለው የላቲን ፊደል ካለች፣ ወይኑን የሠራው ራሱ ዘለላውን ያመረተው ሰው ወይም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። «ኤን» ከሆነች ነጋዴ ነው። ማኅተሙ ከ2019 ወዲህ ግዴታ ስላልሆነ ብታጡት አትደንግጡ። በርሜል በትከሻው የተሸከመ ሰው ምስል ፈልጉ፤ የነጻ ወይን አምራቾች አርማ ነው።

ኦርጋኒክ መሆኑን የምትነግራችሁ ደግሞ በከዋክብት የተሠራችው የአውሮፓ ኅብረት ቅጠል ናት። «ተፈጥሯዊ» የሚል ቃል ብቻውን እኔን አያሳምነኝም።

ሰልፋይት ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ንጥረ ነገር ነው፤ «ሰልፋይት አለው» የሚለው ጽሑፍ ኦርጋኒኩም ላይ አለ። አልተታለላችሁም። ወይኑ ሲፈላ እርሾው ራሱ ትንሽ ይፈጥራል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው፦ ጣፋጭ ላልሆነ ኦርጋኒክ ቀይ ወይን ጣሪያው በሊትር 100 ሚሊግራም ነው፤ ለተራው 150 ይፈቀዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያዬን ጠርሙስ ከሥሩ ዝቃጭ አይቼ «ተበላሽቷል» ብዬ ደፋሁት። እስካሁን ይቆጨኛል። ጠላ እየጠጣሁ አድጌ አተላ ያስደነግጠኝ? ትንንሾቹ አምራቾች ብዙ ጊዜ ወይኑን አጥብቀው አያጣሩትም። ጠርሙሱን ከዋዜማው ጀምሮ አቁሙት፣ ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ የመጨረሻዋን ጉንጭ እዚያው ተዉአት።